የድመት ጥማት

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት ዘወትር የሚጠቀሰው በድመት ላይ ሳይሆን በሰው ላይ ነው። ቆብ ወይም ሹመት ያልለወጠው ሰው ሲታይ ይነገራል፤ ድመቲቱ ራሷ ግን ምሳሌ ከመሆን አልፋ ስለ ራሷ የተመረመረችበት ጊዜ እምብዛም አይገኝም። ለመሆኑ ያልረሳችው አመል የትኛው ነው? አይጥ ማደኗ ከሆነ ለባለቤቱ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። ከአደኑ ይልቅ ጠልቆ የሚገኘውና የቤቱን ሰው ግራ የሚያጋባው አመል የውሃ አጠጣጧ ነው። በንጹሕ ሣህን የተቀዳላትን ውሃ አሽትታ ጥላው ትሄዳለች፤ ጥቂት ቆይቶ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ፣ ከአበባው ተክል ሥር ወይም ከሚንጠባጠብ ቧንቧ ስትልስ ትገኛለች። ይህን ያየ አንዱ ኩራት ነው ይላል፤ ሌላው ቅብጠት ነው ይላል። ሁለቱም የቸኮለ ፍርድ ነው።

የእንስሳ ጠባይ የሚቀረጸው በኖረበት ተጨባጭ ሁኔታ እንደ መሆኑ መጠን፣ የድመትም ጠባይ መመርመር ያለበት ከሣህኑ ሳይሆን ከተነሣችበት ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነ የዘር ጥናት እንዳመለከተው፣ በዓለም ላይ የሚገኙት የቤት ድመቶች ሁሉ በቅርብ ምሥራቅ ከኖረው የዱር ድመት የተወለዱ ናቸው። ያ የዱር ድመት ዝናብ በማይበዛበት፣ ምንጭ ከምንጭ በሚራራቅበት አገር የሚኖር ነው። ገበሬው እህሉን በጎተራ ማከማቸት ሲጀምር አይጥ መጣ፤ አይጡን ተከትላ ድመቷ መጣች። በቆጵሮስ ደሴት ከሰው መቃብር አጠገብ የተገኘ የድመት አጽም 9500 ዓመት ያህል እንዳስቆጠረ እ.ኤ.አ. በ2004 ተገልጿል። (በነገራችን ላይ፣ «አቢሲኒያ» በሚል ስም በአውሮፓ የሚታወቀው የድመት ዘር፣ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ እንግሊዝ ተወሰደች ከምትባለው «ዙላ» ጋር ቢያያዝም፣ የኋላው የዘር ምርመራ ምንጩን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ይመራል። ስሙ የኢትዮጵያ ነው፤ ዘሩ ግን ከሌላ አገር ነው።)

በዚያ ደረቅ አገር ድመት ውሃዋን የምታገኘው ከወንዝ ሳይሆን ከምታድነው እንስሳ ነበር። ከአንዲት አይጥ ክብደት ከሦስት እጅ ሁለት እጅ ያህሉ ውሃ ነው፤ ስለዚህ የበላች ድመት የጠጣች ያህል ነበረች። ሰውነቷም ለዚህ ኑሮ የተመቸ ሆኖ ተሠራ። ኩላሊቷ ሽንቱን እጅግ አወፍሮ ውሃውን ይቆጥባል፤ ጥምም እንደ ውሻ ቶሎ አያንገበግባትም። ችግሩ የመጣው ኑሮዋ ተለውጦ ሰውነቷ ሳይለወጥ በመቅረቱ ነው።

ይህን ቅራኔ በቁጥር ማየት ይቻላል። ለአንዲት ድመት በቀን ለያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልጋታል ተብሎ ይገመታል። አራት ኪሎ ለምትመዝን ድመት 200 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው፤ በቡና ስኒ ቢለካ፣ እንደ ስኒው ትልቀት፣ ወደ ሦስት ስኒ ይጠጋል። ሥጋ ወይም እርጥብ ምግብ ከሆነ የምትበላው ከአራት እጅ ሦስት እጁ ውሃ ስለሆነ አብዛኛው ድርሻ ሳትጠጣ ይሟላል። በከረጢት ተሞልቶ የሚሸጠው ደረቅ ምግብ ግን የያዘው ውሃ ከመቶ አሥር ያህል ብቻ ነው፤ ቀኑን በ60 ግራም የምትውል ድመት ከዚያ የምታገኘው ስድስት ሚሊ ሊትር አይበልጥም። የቀረውን ከሣህን መጠጣት ይኖርባታል፤ እሷ ደግሞ ከሣህን መጠጣት ልማዷ አይደለም።

በጉለሌ የሚኖሩ አንዲት ጡረታ የወጡ የሥዕል መምህርት «ቡሬ» የሚሉት ወንድ ድመት ነበራቸው። በግቢያቸው ያለው ቧንቧ ጎማው አርጅቶ ቀንና ሌሊት ይንጠባጠብ ስለነበር፣ ቡሬ ከሣህን አንድም ቀን ሳይጠጣ በጠብታው ሥር ተቀምጦ ምላሱን ሲዘረጋ ይውላል። የጎረቤት ልጆች «ባላባቱ ከዙፋኑ ተቀመጠ» እያሉ ይሥቁበት ነበር። ምግቡ ከሉካንዳ የሚገዛ ሳንባና ቁርጥራጭ ሥጋ ሆኖ ሳለ ዋሽንግተን የምትኖረው ልጃቸው በመንገደኛ እጅ ደረቅ የድመት ምግብ ላከች፤ ቡሬም ወደደው። በዚያው ሰሞን መምህርቷ ውሃ በፈረቃ በሚዳረስበት ከተማ ቧንቧ ሲፈስ ማየት ነውር ነው ብለው ጎማውን አስለወጡ። ሁለቱም ተግባር፣ ለየብቻው ሲታይ፣ የሚነቀፍ አልነበረም።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ማለዳ ቡሬ አፈር ወዳለበት ሣጥን ሄዶ ተቀመጠ፤ ተነሣ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ምንም አልወጣውም። እስከ ቀትር ድረስ ይህን ደጋገመና ድምፁን እያወፈረ ይጮኽ ጀመር። «እትዬ፣ ሆዱ ደርቆበት ይሆናል፤ ዘይት ይስጡት» ያሉ ጎረቤቶች አልጠፉም፤ እንዲህ ያለው ሕመም ለብዙዎች የሆድ ድርቀት ይመስላል። መምህርቷ ግን አልተቀበሉትም፤ በካርቶን አድርገው ከእንስሳት ሐኪም ዘንድ አደረሱት። ወጣቱ ሐኪም ሆዱን እንደ ዳሰሰ ፊቱን ቋጠረ። ፊኛው እንደ ሎሚ ጠጥሮ ነበር። ወፍሮ የዋለ ሽንት ውስጥ የረጋው አሸዋ መሰል ደቃቅ የወንዱን ጠባብ መውጫ ዘግቶታል። አደንዝዘው ቀጭን ቱቦ በማስገባት ከፈቱለት። «እማማ፣ ነገ ይሻለው ይሆናል ብለው ቢያሳድሩት ኖሮ ላይደርስ ይችል ነበር» አሉ ሐኪሙ። እውነትም ሽንቱ ፈጽሞ የተዘጋ ወንድ ድመት ከሁለት ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም፤ መርዙ ወደ ደሙ ይመለሳልና።

ለዚህ ሕመም ደረቁ ምግብ ብቻውን ተጠያቂ አይደለም፤ ውፍረት፣ ጭንቀትና ተፈጥሮም ድርሻ አላቸው። ሆኖም ሐኪሙ የሰጡት ትእዛዝ አጭር ነበር፤ ውሃ በየትም ይግባለት።

መምህርቷም እንደ መምህር አሰቡበት። መጀመሪያ ሣህኑን ከምግቡ አራቁት፤ ብዙ ድመት ከምትበላበት ወይም ከምትጸዳዳበት ቦታ አጠገብ ያለን ውሃ አትወድም። ከዚያም አንዱን ሣህን ሦስት አደረጉት። የፕላስቲኩን ሽታ ስለሚያኖር ጣሉትና አንዱን የሸክላ ወጭት፣ አንዱን ሰፊ የብርጭቆ ጎድጓዳ፣ ሌላውን የሸክላ ሣህን አድርገው በመስኮቱ ሥር፣ በመኝታ ቤቱና በበረንዳው አኖሩ፤ በየማለዳው አጥበው እስከ አፉ ድረስ ይሞሉታል። ከበርሜል የሚቀዳውን የመድኃኒት ሽታ ያለውን ውሃ ክፍቱን አሳድረው ያቀርባሉ። ደረቁን ምግብ በለብ ያለ ውሃ ማራስ ጀመሩ፤ ሳንባውም ተመለሰ፤ ጨው ያልነካው የሥጋ መረቅ በየሁለት ቀኑ በማንኪያ ይጨመርበታል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን በዚያ መረቅ አይገቡም፤ የድመትን ደም የሚጎዱ ናቸውና የወጥ ፍርፋሪ ለእሷ የሚሆን አይደለም። ስለ ቧንቧውም መላ አልጠፋም። ውሃ በሚመጣበት ቀን እንደ ክር አቅጥነው ለጥቂት ደቂቃ ይከፍቱለታል፤ ከሥሩ ባልዲ አለ፤ ባልዲው ጽጌረዳውን ያጠጣል።

በእነዚያ ደቂቃዎች መምህርቷ ደብተር ይዘው የምላሱን መስመር ለመንደፍ ቢሞክሩ አልሆነላቸውም። ተማሪዎቻቸው ለዓመታት የድመትን ምላስ እንደ ማንኪያ ወደ ላይ የታጠፈ አድርገው ሲሥሉ አርመው አያውቁም ነበር፤ ማንም ሠዓሊ በዓይኑ ብቻ ሊያርመው የሚችል ነገር አይደለም። ድመት በአንድ ሴኮንድ አራት ጊዜ ያህል ትልሳለች። ምስጢሩን ለመያዝ ካሜራ አስፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1940 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር ሃሮልድ ኤጀርተን በብልጭታ ብርሃን በተሠራ አጭር ፊልም ድመት ወተት ስትጠጣ አሳየ፤ የምላሷ ጫፍ የሚታጠፈው ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታችና ወደ ኋላ መሆኑ ታየ። ሰባ ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ በዚያው ተቋም ይሠራ የነበረው ሮማን ስቶከር የራሱን ድመት ቁርስ ላይ ሲመለከት በተነሣበት ጥያቄ ከባልደረቦቹ ጋር አሠራሩን አብራራ። ምላሷ ውሃውን አይጨልፍም፤ አይጠልቅምም። ጫፉ የውሃውን ፊት ነክቶ በፍጥነት ሲነሣ ውሃው ተከትሎት እንደ ቀጭን ዓምድ ይቆማል፤ ዓምዱ በክብደቱ ከመውደቁ በፊት አፏ ይዘጋበታል። በአንድ ልሳት የሚገባላት ከአንድ ሚሊ ሊትር አንድ አሥረኛ ብዙም አይበልጥም። ውሻ ምላሱን ከውሃው ነክሮ እየረጨ ሲጠጣ፣ እሷ አገጯን ሳታረጥብ ትጨርሳለች። ግን ሲሰላ መቶ ሚሊ ሊትር ለመጠጣት አንድ ሺህ ያህል ልሳት፣ ማለትም አራት ደቂቃ የሚደርስ ጊዜ ሊፈጅባት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጀርባዋን ለበር ሰጥታ መቆም አለባት። ውሻ ባለበት ወይም ልጅ በሚሯሯጥበት ኮሪደር የተቀመጠ ሣህን ሞልቶ የሚውለው ውሃው ስለ ከፋ ላይሆን ይችላል።

ለሁሉም ድመት የሚሆን አንድ መላ የለም። በኤሌክትሪክ ውሃ የሚያመነጨውን ሣህን የምትወድ አለች፤ ድምፁን ፈርታ የምትሸሽም አለች። ወተት በብዙ ቤት እንደ መጠጥ ቢቆጠርም ጡት የጣለች ድመት አብዛኛውን ጊዜ የወተቱን ስኳር መፍጨት ስለሚያቅታት ሆዷን ያላላውና የጠጣችውን ያህል ውሃ ያሳጣታል። ጣፋጭ ጨምሮ ማባበልም ከንቱ ነው፤ ድመት ጣፋጭን የምትለይበት የጣዕም ዘረ መል እንደ ሞተ እ.ኤ.አ. በ2005 ታውቋል።

ቡሬ ከዚያ ወዲህ አልታመመም። መምህርቷ ሣህኖቹን የሚሞሉት በቡና ስኒ እየለኩ ነው፤ ማታ የተረፈውንም በዚያው ስኒ ይለካሉ። ይህም ሲጎድል ብቻ ሳይሆን ሲበዛ ለማወቅ ነው። ዕድሜዋ የገፋ ድመት ምግቧ ሳይለወጥ በድንገት ሣህን ማድረቅ ከጀመረች ነገሩ የሚያስደስት አይደለም፤ የኩላሊት ድካም፣ የስኳር ወይም የእንቅርት ዕጢ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላልና፣ ስኒው የጠቆመውን ቁጥር ይዞ ከሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል።