«አምስት ዓመት ጠብቅ» አሉኝ

በ2016 ዓ.ም. ዲቪ ደርሶኝ ሜሪላንድ እንደገባሁ የአክስቴ ልጅ «ስማ፣ ትምህርቱን ለጊዜው እርሳው፤ ለኮሌጅ የመንግሥት እርዳታ የሚፈቀደው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው» አለኝ። እሱም እንዲሁ ተብሎ ይኸው ፓርኪንግ ይሠራል። ለካስ አምስት ዓመቱ ለአዋቂዎች የምግብ ድጎማ ነው እንጂ ለኮሌጅ አይደለም! ግሪን ካርድና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ያለው ሰው በገባ ማግሥት «ፋፍሳ» የተባለውን ቅጽ መሙላት ይችላል። በነፃ ነው፤ «ልሙላልህ፣ ክፈል» የሚል ደላላ ግን እዚህም አይጠፋም። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪ የሚሰጠው ፔል ግራንት አይመለስም፤ በፈረንጆቹ 2024-25 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር። በተማሪ ቪዛ ለመጣ ግን የለም።

እኔን የከበደኝ ሌላ ነው። ከ24 ዓመት በታች ሆኖ ላላገባ ልጅ የወላጅ ገቢ ይጠየቃል፤ ወላጅ ደሴ ቢሆንም። ደወልኩ።

«አባዬ፣ በዓመት ስንት ታገኛለህ?»

ዝም አለ። ቆይቶ «ምነው ልጄ፣ ቸገረህ እንዴ? ልላክልህ?» አለኝ።

ብሩን በዶላር መንዝሬ ስጽፈው እዚህ የሁለት ወር የቤት ኪራይ አይሞላም።

ደግሞ እርዳታው ቢፈቀድም፣ በብዙ ስቴቶች የነዋሪ ዋጋ ለመክፈል አንድ ዓመት መኖር ያስፈልጋል። የ12ኛ ክፍል ማስረጃችሁንም ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጃችሁ ያዙ።