ሲሮጡ የተቀቡት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል ብሂላችን። በፀጉር ቀለም ላይ ግን ብሂሉ አይሠራም። ሲሮጡ የተቀቡት ጥቁር ቀለም ሲሮጡ አይለቅም፤ ለመቀባት ግማሽ ሰዓት የበቃው ነገር ለማስለቀቅ ወራት ይጠይቃል። ይህ ጽሑፍ ስለዚህ አለመመጣጠን ነው።

ጥያቄውን በሙያዬ ቋንቋ ላስቀምጠው። ለዓመታት ጥቁር ቀለም ሲቀባ የኖረን ፀጉር በቤት ውስጥ ወደ ወርቃማ መለወጥ ስንት ያስወጣል? ላለፉት ሰባት ወራት፣ ከዳላስ በስተሰሜን በሪቻርድሰን በሚገኘው ቤቴ፣ ይህን ጥያቄ በገዛ ፀጉሬ ላይ ስመረምር ቆይቻለሁ። የደረስኩበት መልስ ከመደብሩ ደረሰኝ በእጅጉ የራቀ ነው። አብዛኛው ወጪ የተጠራቀመው ዛሬ ጠርሙሱን ከመግዛታችን በፊት፣ በተደራረቡት ቀለሞች ውስጥ ነው። በሥራው ውስጥ ካለው ዕውቀት ሁሉ ውዱ ደግሞ መቼ ማቆም እንደሚገባ ማወቅ ነው፤ ይህንንም ገበያውም ሕጉም በአግባቡ አይመዝኑትም።

የሽበት ሒሳብ

በቤተሰባችን ሽበት ቶሎ ይመጣል። እናቴን ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት ጀመራት፤ እኔን በ27 ዓመቴ፣ የዶክትሬት ማሟያ ጽሑፌን በማዘጋጅበት ጊዜ። እናቴ አዲስ አበባ ሆና ሂና ትቀባ ነበር። እኔ በካርቶን ታሽጎ የሚሸጠውን ጥቁር ቀለም መረጥኩ። በ2020 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወረርሽኙ ሳሎኖችን ሲያዘጋ ቤት ውስጥ መቀባት የብዙ ሴቶች ልማድ ሆነ። በዚያ ዓመት ሜይ ወር የዳላሷ የሳሎን ባለቤት ሼሊ ሉተር ሱቋን አልዘጋም በማለቷ ችሎት በመድፈር ታስራ፣ ጉዳይዋ የመላ አገሪቱ መነጋገሪያ ሆኖ እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል። እኛ ደግሞ መታጠቢያ ቤታችን ውስጥ ጓንት አጥልቀን እንቀባ ነበር።

ወርቃማን የመረጥኩበት ምክንያት ከፋሽን ይልቅ ወደ ሒሳብ ያደላል። ፀጉር በወር በአማካይ 1.25 ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋል። በጥቁር ቀለም ሥር የሚበቅል ሽበት በሦስት ሳምንት ውስጥ አንድ ሴንቲሜትር የሚጠጋ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል፤ በወርቃማ ሥር ግን ነጩ ከቀለሙ ጋር ስለሚዋሃድ መስመሩ ይደበዝዛል። በየሦስት ሳምንቱ የነበረው ቅብ በየሁለትና ሁለት ወር ተኩል ይሆናል ማለት ነው። ተደጋጋሚ ወጪን ለመቀነስ አንድ ጊዜ ከፍ ያለ ወጪ ማውጣት ኢንቨስትመንት ይባላል።

እናቴ በስልክ ይህን ሁሉ አዳምጣ «ፈረንጅ ልትሆኚ ነው?» አለችኝ። «ከመደበቅ ላርፍ ነው» አልኳት። ዝም አለች። ዝምታዋን አቃልዬ አላየሁትም። በእኛ ዘንድ የሴት ልጅ ፀጉር ለብዙ ዘመን ዕድሜን፣ ጋብቻንና ሐዘንን ሲናገር የኖረ ቋንቋ ነው፤ ቀለሙን የለወጠች ሴት አንዳች ነገር እንደተናገረች ይቆጠርባታል። እኔ የፈለግሁት ግን ስለ ዕድሜዬ የምዋሸውን መቀነስ ነበር።

የፀጉር ዶሴ

የማደግ ፍጥነቱን ካወቅን እያንዳንዱን ዘለላ እንደ ዶሴ ማንበብ እንችላለን። ሲጎተት 40 ሴንቲሜትር የሚሆን ፀጉር የ32 ወራት መዝገብ ነው። ከራስ ቅሉ አጠገብ ያለው አዲስና ያልተነካ፣ መካከሉ አንድ ሁለቴ የተቀባ፣ ጫፉ ደግሞ ቀለም በቀለም ላይ የተከመረበት ነው። የምጣኔ ሀብት ምሁራን በተለያየ ዘመን የተተከሉ ማሽኖች ስላሉት ፋብሪካ ሲያጠኑ የሚገጥማቸው ችግር ይኸው ነው፤ በአንድ ጣሪያ ሥር የተለያየ ዕድሜ ያለው ንብረት አለ፣ አንድ ዓይነት መመሪያም ለሁሉም አይሠራም።

በዚህ ምክንያት አንድ ጠርሙስ በመላው ፀጉር ላይ እኩል ያፈሰሰ ሰው ሦስት ቀለም ያገኛል። ሥሩ የራስ ቅል ሙቀት ስለሚያግዘው ፈጥኖ ይነጣል፤ መካከሉ ብርቱካናማ ይሆናል፤ ጫፉ ጠቆር እንዳለ ይቀራል። ባለሙያዎች ከመካከሉና ከጫፉ ጀምረው ሥሩን ወደ መጨረሻ የሚያቆዩት ለዚህ ነው።

መጨመርና መንሳት

አሁን ወደ ኬሚስትሪው ልግባ፤ አለመመጣጠኑ የሚመነጨው ከዚያ ነውና። ፈረንሳዊው ኬሚስት ዩጂን ሹለር በ1907 የፀጉር ቀለሙን ሲያዘጋጅ፣ በኋላም በ1956 ክሌሮል በአንድ እርምጃ የሚያልቅ የቤት ቀለም ለአሜሪካ ገበያ ሲያቀርብ፣ ሥራውን እጅግ ቀላል አደረጉት። ጥቃቅን የቀለም ሞለኪውሎች ወደ ፀጉሩ ውስጥ ይገባሉ፤ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያያይዛቸዋል፤ ከተያያዙ በኋላ ትልቅ ስለሚሆኑ በገቡበት በር አይወጡም። መጨመር ይህን ያህል ርካሽ ነው።

መንሳት ግን ሌላ ነው። ብዙ ሰው ነጣ ያለ ቀለም በጥቁሩ ላይ ቢቀባ ፀጉሩ የሚነጣ ይመስለዋል። ቀለም ቀለምን አያነሳም። የተቀባውን ለማንሳት ብሊች ያስፈልጋል፤ ብሊች ሰው ሠራሹን ቀለምና የተፈጥሮውን ሜላኒን በአንድነት ይሰብራል፣ በመንገዱም ለፀጉሩ ጥንካሬ የሚሰጡትን የሰልፈር ማያያዣዎች ይበጥሳል። ፀጉር ከራስ ቅል ከወጣ በኋላ ሕይወት የለውም፤ ራሱን አይጠግንም። እንደ እኛ ባለ ጥምዝ ፀጉር ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ጥምዝ ራሱ ደካማ ነጥብ ነው።

ሳሎኖች ቀለምን ከ1 እስከ 10 ባሉ ደረጃዎች ይለካሉ፤ 1 ጥቁር፣ 10 እጅግ የነጣ ወርቃማ ነው። ከጥቁር የተነሳ ፀጉር በቀይ፣ በብርቱካናማና በቢጫ በኩል ሳያልፍ ወርቃማ አይደርስም። ቶነር የሚባለው ማስተካከያ ሐምራዊው ቢጫን፣ ሰማያዊው ብርቱካናማን ያደበዝዛል እንጂ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው አያሻግርም። ከብሊች ጋር የሚቀላቀለው ፐርኦክሳይድ በቮልዩም ይሸጣል፤ 20 ቮልዩም 6 በመቶ፣ 30 ቮልዩም 9 በመቶ፣ 40 ቮልዩም 12 በመቶ ነው። ትዕግሥት ያጣ ሰው 40ን ያነሳል። ሂና የተቀባ ፀጉር ደግሞ የራሱ አደጋ አለው፤ አንዳንድ የሂና ድብልቆች የብረት ጨው ስላለባቸው ከፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኙ ይግላሉ፣ ፀጉሩንም ያቃጥላሉ። በጥቂት ዘለላ ላይ አስቀድሞ መሞከር፣ መስኮት ከፍቶ መሥራት፣ በቆሰለ የራስ ቅል ላይ አለማስነካት የግዴታ ያህል ናቸው።

በ1974 ኬኔት አሮውና አንቶኒ ፊሸር ሊመለስ የማይችል ውሳኔ በሚኖርበት ጊዜ መጠበቅ ራሱ ዋጋ እንዳለው አሳይተዋል። እነርሱ የሚያስቡት ስለ ተፈጥሮ ሀብት ነበር፤ የተገደበ ወንዝ ወይም የተመነጠረ ደን ተመልሶ አይመጣም። ነገሩ ለፀጉርም ይሠራል። ዛሬ ያልነጣ ፀጉር ነገ ሊነጣ ይችላል፤ ዛሬ የተበጠሰ ግን ነገ አይቀጠልም።

አክስቴና 1,000 ሰዓት

ይህን ሁሉ ንድፈ ሐሳብ ሳትጠቅስ በእጇ የምታውቀው አክስቴ ናት። የእናቴ ታናሽ ናት፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ በሴቶች ፀጉር ሥራ ኖራለች፤ ሙያውንም የተማረችው ከቀጣሪዋ ሥር ሆና እያየች ነው። ዲቪ ደርሷት እዚህ ከመጣች ወዲህ በመጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች፤ በሰዓት 19 ዶላር ይከፈላታል።

ቴክሳስ በሰው ፀጉር ላይ ለክፍያ ኬሚካል ለሚጠቀም ሰው ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለፈቃዱም የ1,000 ሰዓት ትምህርትና ፈተና። ቀድሞ 1,500 ሰዓት ነበር። ሹሩባ ግን ነፃ ነው። ለዚህ ነፃነት የከፈለችው የዳላሷ ሹሩባ ሠሪ አይሲስ ብራንትሊ ናት፤ በ1997 ያለ ፈቃድ በመሥራቷ ታስራ፣ ለዓመታት ከተከራከረች በኋላ በ2015 መጀመሪያ የፌዴራል ዳኛው ሳም ስፓርክስ ለሹሩባ ትምህርት ቤት የተጣለው ቅድመ ሁኔታ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲሉ ፈረዱላት። በዚያው ዓመት የክልሉ ምክር ቤት የሹሩባን ፈቃድ ጨርሶ አነሳው። አክስቴ ዛሬ ለጥምቀትና ለሠርግ ሹሩባ እየሠራች በሕጋዊ መንገድ የምታገኘው ገንዘብ የዚያች ሴት ትግል ፍሬ ነው።

ሕጉ መስመሩን ያሰመረው ኬሚካሉ በሚጀምርበት ቦታ ነው። ሐሳቡን በመርህ ደረጃ አልቃወምም፤ ደንበኛ የባለሙያን ችሎታ አስቀድማ ማየት አትችልም፣ ስህተቱም ቆዳ ያቃጥላል። ግን መስመሩ የሚሠራው በአገልግሎት ላይ ብቻ ነው። በ1964 በኒው ኦርሊንስ በአንድ መደብር ተጀምሮ፣ ለአሥርት ዓመታት ዋና መሥሪያ ቤቱን እዚሁ በአካባቢያችን በዴንተን ያደረገው ሳሊ ቢውቲ ሁለት ዓይነት መደብር አለው፤ አንደኛው ለባለፈቃዶች ብቻ ይሸጣል፣ ሌላው ለማንኛውም ሰው። ብሊቹም 40 ቮልዩሙም በሁለተኛውም አለ። እንግዲህ ሃያ ዓመት የሠራችው አክስቴ ለክፍያ ልትነካው የማትችለውን ዱቄት፣ አንድ ሰዓት እንኳ ያልተማርኩት እኔ ገዝቼ በራሴ ላይ ላፈሰው እችላለሁ።

ሦስተኛው ዙር

ሥራውን በኦክቶበር አጋማሽ በ20 ቮልዩም ጀመርን። የመጀመሪያው ዙር ዝገት የመሰለ ቀይ ሰጠን። ሁለተኛው፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ብርቱካናማ። በጃንዋሪ ሦስተኛው ዙር ላይ ወደ ቢጫ ማዘንበል ሲጀምር አክስቴ ከጫፉ አንድ እርጥብ ዘለላ ይዛ በቀስታ ሳበችው። ተለጠጠ፤ ሲለቀቅ ግን ወደ ቦታው አልተመለሰም።

በሁለት ሳምንት ውስጥ በአንድ ጉባኤ ላይ ጥናት ማቅረብ ነበረብኝ፤ የደረስኩበትም ቀለም በመድረክ ላይ የምመርጠው አልነበረም። «አንድ ሃያ ደቂቃ ብንጨምርስ?» አልኳት።

«ዛሬ ይብቃን፣ የኔ ልጅ» አለች። «ይሄ እንደ ሊጥ አይደለም፤ ቢበላሽብን ሌላ አናቦካም።»

አጠበችው። ለጉባኤው ፀጉሬን ሹሩባ ሠራችኝ። አሥር ሳምንት ጠበቅን፤ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ከጫፉ ቆረጠች። በማርች መጨረሻ አራተኛው ዙር ሲሠራ ዘለላው ተስቦ ተመለሰ።

የዚያ «ዛሬ ይብቃን» ዋጋ ስንት ነው? ማርጋሬት ሪድ የተባለችው ኢኮኖሚስት በ1934 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር «ምርት» መሆኑን ለመለየት መመዘኛ አቅርባለች፤ ሥራውን ሌላ ሰው ተከፍሎት ሊሠራው የሚችል ከሆነ ምርት ነው። በዚህ መመዘኛ ወጥ ቤቴ ውስጥ ያለው ወንበር የሥራ ቦታ ነበር። በብሔራዊ ሒሳብ ውስጥ ግን የገባው የጠርሙሶቹ ዋጋ ብቻ ነው።

ራሴ ላስላው። ለአራቱ ዙሮች ለብሊች፣ ለፐርኦክሳይድ፣ ለቶነርና ለጓንት ያወጣሁት 210 ዶላር ነው። ዋጋ የጠየቅኳቸው ሳሎኖች ያቀረቡልኝ ዝቅተኛ ግምት 600 ዶላር ነበር። ልዩነቱ 390 ዶላር ትርፍ ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ዙር አምስት ሰዓት ፈጅቷል፤ የአክስቴን 20 ሰዓት በመጋዘን ደመወዟ እንኳ ብንተምነው 380 ዶላር ነው። ትርፉ አሥር ዶላር ሆነ፤ የእኔ 20 ሰዓት ገና አልተቆጠረም። ቤት ውስጥ መሥራት ርካሽ የሚመስለው ከሁለታችን የአንዷ ዕውቀት በነፃ ስለተወሰደ ነው።

ይህ ከፀጉር በላይ የሆነ ጉዳይ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፈቃድ የሚያስፈልገው ሥራ ላይ የነበረው ከሃያ አሜሪካውያን ሠራተኞች ከአንድ ያነሰ ነበር፤ ዛሬ ከአምስት ከአንድ በላይ ነው። ሰዓት ለመቁጠር ቀላል ነው፤ ችሎታ ግን መፈተን ይፈልጋል። በእጅ የተማረ ሰው ሰዓቱ የተመዘገበበት ወረቀት ስለሌለው ካለበት ዜሮ ይጀምራል። ለአክስቴ 1,000 ሰዓት ማለት በመጋዘኑ ዋጋ 19,000 ዶላር ነው፤ በሳምንት ሃያ ሰዓት ብትማር ደግሞ 50 ሳምንት። ወንበር ላይ የተቀመጠችበትን ጊዜ ከመቁጠር በፊት አንድ እርጥብ ዘለላ ሰጥቶ «ይቀጠል ወይስ ይብቃ?» ብሎ የሚጠይቃት ፈተና ቢኖር ኖሮ፣ ደንበኛም ይጠበቃል፣ አንዲት የሃምሳ ሦስት ዓመት ሴትም አንድ ዓመት አትከስርም ነበር።

እስከዚያው ያለውን ሕግ ይዘን መኖር አለብን። የምሽት ትምህርቱ በኦገስት ይጀምራል፤ የትምህርት ክፍያውን ቤተሰቡ ተካፍሎ ሊሸፍን ተስማምቷል። ለመጋዘኑ አለቃዋ የሰዓት ለውጥ ጠይቃ መልስ እየጠበቀች ነው።

ፀጉሬ አሁን ማር የመሰለ ወርቃማ ነው፤ በሳሎኖቹ መለኪያ ወደ 8 ይጠጋል። ከሥሩ የወጣውን ሽበት ለማየት መስተዋቱን ጠጋ ማለት ይጠይቃል፤ እናቴም በቪዲዮ አይታኝ «እንደ ፈራሁት አይደለም» ብላለች። ወደ 10 ለመድረስ ሁለት ደረጃ ይቀራል። አክስቴን መቼ እንደምንቀጥል ስጠይቃት የጫፉን ዘለላ ስባ አየችው፤ ቀን ግን አልቆረጠችም።