የጉድጓዱ ሽታ

ባሕር ዳር ውስጥ የግቢ የውሃ ጉድጓድ ሲሸት መላ የማያዋጣ ጎረቤት የለም።

«አይጥ ሞቶበት ነው» ይላል አንዱ። «በረኪና ጨምሩበት» ይላል ሌላው። እትዬ ደግሞ ጆጉን አሽትተው፣ «ድኝ ድኝ ይላል፤ ጠበል ፈልቆላችሁ እንዳይሆን!»

ስለ ድኙስ እውነት አላቸው። የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ አየር በሌለበት ባክቴሪያዎች ከሰልፌት የሚሠሩት ጋዝ። ሙቅ ውሃው ብቻ ከሸተተ ግን ጉድጓዱን ትታችሁ ቦይለሩን ጠርጥሩ።

ሽንት ቤት ሽንት ቤት ካለስ? ያኔ ቀልድ የለም። ጉድጓድና መጸዳጃ ቢያንስ 30 ሜትር ይራራቁ ይባላል። በ200 ካሬ ግቢ 30 ሜትር ከየት ይምጣ? የራሳችንን ብናርቅ የጎረቤት ይጠጋናል። በረኪናውም ቢሆን ፍሳሹ እየገባ እስካለ ድረስ የጥቂት ቀን ማስታገሻ ነው። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፤ ለጨቅላ ሕፃን የሚያሰጋውን ናይትሬት ግን አያወጣም። ውሃውን ላቦራቶሪ ማስመርመር ይሻላል።

«የኛስ ምንም አይሸትም» አሉ እትዬ ኮራ ብለው።

ናይትሬትም አይሸትም፣ እትዬ።