ማዳጋስካርን ያደመጥንበት ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዋሽንግተን ውስጥ ፓርኪንግ እየሠራን የምናነጋ ሐበሾች ብዙ ነበርን። ሌሊቱን የምንገፋው በካሴት ነው። እኔ የጥላሁንና የአስቴር ካሴቶች ሲደጋገሙብኝ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲዲ መዋስ ያዝኩ፤ ማዳጋስካርንም ያገኘኋት እዚያ ነው። ሄንሪ ካይዘርና ዴቪድ ሊንድሊ የተባሉ አሜሪካውያን ጊታር ተጫዋቾች በ1991 ደሴቲቱ ድረስ ሄደው ከአገሬው ሙዚቀኞች ጋር የቀዱት፣ በዓመቱ የወጣ አልበም ነበር።

መጀመሪያ ጆሮዬን የያዘው ቫሊሃ ነው። ወፍራም ቀርከሃ ነው፤ ክሮቹ ዙሪያውን በቁመቱ ተወጥረዋል። በሁለት እጅ ጣቶች ሲነካ ድምፁ በጠጠር ላይ እንደሚወርድ ውሃ ይንኳለላል። ጥንት ክሩ የሚወጣው ከቀርከሃው ከራሱ ልጥ ነበር። ዘመዶቹን አፍሪካ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ፤ ለካ ያሉት ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። የደሴቲቱም ቋንቋ ሥሩ ቦርኒዮ ነው።

ከዚያ ራኮቶ ፍራ መጣ። የሚነፋው ሶዲና የሚባል ዋሽንት ነው። ለእኔ ዋሽንት ማለት እረኛና ብቸኝነት ነው፤ እሱ ሲነፋ ግን ሠርግ ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ። ቆይቶ እንዳነበብኩት ሶዲና ከሚደምቅባቸው ቦታዎች አንዱ ፋማዲሃና ነው። በደጋው አገር ቤተሰብ የሙታኑን አጽም ከመቃብር አውጥቶ በአዲስ ሐር ይከፍናል፤ ተሸክሞም ይጨፍራል። ተዝካር እያየ ላደገ ሰው ነገሩ ግር ይላል። ዜማውን ደጋግሜ ከሰማሁት በኋላ ግን ሳቁም ናፍቆቱም አንድ ላይ እንዳለበት ገባኝ። ሽማግሌው ራኮቶ ፍራ በ2001 አረፈ። ሶዲናውን ሲነፋ የሚያሳይ ምስሉ በአገሩ የ1000 ፍራንክ ኖት ላይ ታትሞ ነበር። ዋሽንት ነፊን በብር ላይ የሚያትም አገር! (እኛስ?)

ያኔ ስለዚህ ሙዚቃ ይጻፍ የነበረው አብዛኛው “ዘመን ያልነካው” የሚል ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። የቫሊሃው ልጥ እኮ ከጊዜ በኋላ በብስክሌት የፍሬን ሽቦ ተተክቷል፤ ሽቦው ተፈትቶ አንዷ ዘለላ አንድ ክር ትሆናለች። በደቡብ ምዕራብ፣ በቱሊያራ በኩል፣ ጻፒኪ የሚባለው እሳት የላሰ የኤሌክትሪክ ጊታር ጨዋታ አለ፤ እሱም ከሞዛምቢክ ራዲዮ የተሰማ የደቡብ አፍሪካ ዘፈን ተቀላቅሎበታል። አንጺራቤ ከተማ ላይ የተመሠረተው ማሃሌዮ የተባለው የሙዚቃ ቡድን ደግሞ የ1972ቱ የተማሪዎች አመፅ ድምፅ ነው። ፕሬዚዳንት ጺራናናን ከሥልጣን ያስወገደው ያ አመፅ ነው። በዚያው ዘመን የእኛም ተማሪዎች ጎዳና ላይ ነበሩ። የማሃሌዮ ልጆች ጊታራቸውን እንደያዙ ተምረው ከመካከላቸው ሐኪም የሆነ ነበር፤ ዳማ የተባለው ደግሞ የምክር ቤት አባል ሆኖ ነበር። ዘመን እንዲህ ከነካው ወዲያ ምን ይንካው?

ሳሌጊን ያወቅኩት በመጨረሻ ነው። የሰሜኑ ጠረፍ ጭፈራ ነው፤ ንጉሡ የሚባለው ዩሴብ ጃኦጆቢ። ምቱ ስድስት በስምንት ነው፣ ከእኛ ችክችካ ጋር አንድ ቤት። ጊታሩ ሲፈጥን ትከሻ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንድ ቀን ክርስትና ቤት ውስጥ ካሴት ተረኛ ሆኜ ቀስ ብዬ በሁለት የባህል ዘፈኖች መካከል አስገባሁት። ማንም ጭፈራውን አላቋረጠም። አንድ አባት ብቻ ላባቸውን እየጠረጉ መጡና፣ “ልጄ፣ ይሄ የጎጃም ነው የወሎ?” አሉኝ።

“የማዳጋስካር ነው፣ አባባ።”

“ይሁና! ድገመው።”