ሳንቲሙን ከመርፌው ላይ አንሱት

የሸክላ ማጫወቻ መርፌ ሲዘል ብዙ ሰው የሚያውቀው መላ አንድ ነው፤ መርፌው ጭንቅላት ላይ ሳንቲም መጫን። መላው ይሠራል፤ ዘፈኑ ሳይዘል ያልቃል። ግን ያ ክብደት ሸክላው በዞረ ቁጥር እየፋቀው ነው። ችግሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው ከማጫወቻው በታች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርፌው የሸክላውን መስመር እየተከተለ ይንቀጠቀጣል፤ ያ ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ አምፕሊፋየሩ ያጎላዋል። መርፌው ግን የዘፋኙን ድምፅ ከእግር ኮቴ አይለይም። የወለሉ ንዝረት፣ የሞተሩ ጉርምርምታ፣ ከስፒከሩ በመደርደሪያው በኩል የሚመለሰው ቤዝ፣ ሁሉም አብሮ ይጎላል። ስፒከርና ማጫወቻ አንድ ቡፌ ላይ ሲቀመጡ ድምፁ የሚታፈነው፣ ሲብስም የሚያላዝነው ለዚህ ነው።

የሚጠራጠር ካለ ሙከራው ነፃ ነው። ሸክላው ሳይዞር መርፌውን አሳርፉበት፤ ድምፁን በጥቂቱ ከፍ አድርጉ፤ ጠረጴዛውን በጣት ቀስ ብላችሁ ምቱ። በስፒከሩ የሚሰማው ኳኳታ በየዘፈኑ ውስጥም አለ ማለት ነው።

ገበያው ለዚህ ውድ ገመድና የሚያብረቀርቅ እግር ይሸጣል። ቅደም ተከተሉ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ስፒከሩን ከማጫወቻው መለየት። ቀጥሎ ማጫወቻውን በውሃ ልክ ማስተካከል፣ የላላውን የላስቲክ ቀበቶ መቀየር፣ መርፌውን ማጽዳት፣ ካለቀም መተካት። ከዚያ በትንሽ ዲጂታል ሚዛን ክብደቱን አምራቹ ባዘዘው ልክ ማድረግ፤ በብዙዎቹ ከ1.5 እስከ 2 ግራም አካባቢ ነው። ማቅለልም መፍትሔ አይደለም፤ በጣም የቀለለ መርፌ እየተንቀዠቀዠ ይቧጥጣል።

ንዝረት መከላከል የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የጣውላ ወለል ባላቸው የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ግድግዳ ላይ የታሰረ መደርደሪያ ከየትኛውም ጠረጴዛ ይሻላል። ለጠንካራ ማጫወቻ ከእብነ በረድ ቤት የተረፈ ቁራጭ፣ ከሥሩም በከፊል የተነፋ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ብዙ ይረዳል። ውስጡ በስፕሪንግ ለተንጠለጠለ፣ ለምሳሌ እንደ ቶረንስ ቲዲ 150 ላለው፣ ግን ይህ አይሆንም፤ በልስላሴ ላይ ልስላሴ ሲጨመር ዥዋዥዌ ይሆናል። ለእሱ ቀላልና ጠንካራ ጠረጴዛ ይበቃዋል።

ይህ ሁሉ የቅንጦት ወሬ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ሸክላው ምን እንደያዘ ግን ያስብ። ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር በተሰጠበት ዘመን፣ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 ያንን ደፍሮ የራሱን አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1975 አገር ጥሎ እስኪወጣ ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች አሳተመ። ከዚያ በኋላ ዘመኑ የካሴት ሆነ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባሉት ሲዲዎች የዘመኑን ሥራ ለዓለም አሰማ፤ ቢሆንም በየሸክላው ጀርባ ያለው ሁሉ እዚያ አልገባም። አንዳንዱ ዘፈን ዛሬም ያለው በአንድ ሰው ቡፌ ውስጥ፣ ሸራ በለበሰ ካርቶን ተከምሮ ነው።

የተፋቀ መስመር ደግሞ አይመለስም። የጠፋው የሳክስፎን ጫፍ በየትኛውም ኮምፒውተር እንደ ነበረ አይሆንም።

ስለዚህ ከአባቱ ሸክላ የወረሰ ሰው ለእንግዳ ከማጫወቱ በፊት መርፌውን ይቀይር፣ ማጫወቻውን ከስፒከሩ ያርቅ። በደንብ በተስተካከለ ማጫወቻ ሲያስኬደውም በዚያው ወደ ኮምፒውተር ይቅዳው፣ ለዘመድም ያካፍል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።