ዊልሰን፦ በረራ የሚለመድበት የናይሮቢ ሜዳ

ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ ናይሮቢ ብትሄዱ የምታርፉት በትልቁ የጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። እኛ ዛሬ የምናስጎበኛችሁ ግን ሌላውን፣ በላንጋታ መንገድ ዳር የሚገኘውን የዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከከተማው መሐል እምብዛም አይርቅም፤ በደቡብ በኩል አራዊት የሚሰማሩበት የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ አለ። በሜዳው ላይ ተሰልፈው ከምታዩአቸው ትናንሽ አውሮፕላኖች መካከል ሁለት ወይም አራት ሰው ብቻ የሚይዙት ባለ አንድ ሞተሮች ለመማሪያ ያገለግላሉ።

ሜዳው የተሰየመው በአንዲት ሴት ስም ነው። ፍሎረንስ ኬር ዊልሰን የተባለችው ባሏ የሞተባት ሴት በ1929 እ.ኤ.አ. በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን የአየር መንገድ ኩባንያ አቋቋመች። ኩባንያው በጦርነቱ ጊዜ በ1940 ቢዘጋም፣ ማረፊያው ከ1962 ጀምሮ በስሟ ይጠራል። ያ ዘመን የቅኝ አገዛዝ ዘመን ስለነበረ ዕድሉ ለአገሬው ሴቶች አልደረሰም ነበር። ዛሬ ግን ኬንያውያት ወጣቶችም በዚሁ ሜዳ ይማራሉ።

ለመሆኑ መብረር እንዴት ይለመዳል? ትምህርቱ የሚጀምረው ከምድር ነው። ተማሪዋ አውሮፕላኑን እየዞረች ክንፉን፣ ጎማውንና ዘይቱን ትመረምራለች። ከነዳጁ ጥቂት በብርጭቆ ቀድታ ውሃ እንዳልገባበት ታያለች፤ ውሃ ከነዳጅ ስለሚከብድ ከሥር ይዘቅጣልና። ምስር የምትለቅም እናት ጠጠሩን ሳታወጣ ድስቱን እንደማትጥድ ሁሉ፣ አብራሪዋም ይህን ሳታይ ሞተር አታስነሣም።

ቀጥሎ ያለው ድግግሞሽ ነው። መነሣት፣ ሜዳውን መዞር፣ ማረፍ፤ እንደገና መነሣት። መምህሩ የበቃች ሲመስለው ይወርድና ብቻዋን ይልካታል። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት የግል አብራሪነት ፈቃድ ለማግኘት በመደበኛው 40 ሰዓት መብረር ያስፈልጋል። ከዚህ ውስጥ 10 ሰዓቱ ብቻዋን የምትበርበት ሲሆን፣ በሁለት የተለያዩ ሜዳዎች እያረፈች ቢያንስ 270 ኪሎ ሜትር የምትጓዝበት በረራም ይገኝበታል። በዚህ ፈቃድ ግን መንገደኛ በክፍያ ማሳፈር አይቻልም።

የዊልሰን ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ይብሱን ይሳሳል። በዚህ ጊዜ የሞተሩም የክንፉም ጉልበት ስለሚቀንስ አውሮፕላኑ ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ሽቅብ ሲወጣም ይዘገያል። ስለዚህ አብራሪዋ የሰውን፣ የሻንጣንና የነዳጅን ክብደት አስቀድማ ታሰላለች። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ይህ ትምህርት ለእኛም ባዕድ አይደለም።

ከሁሉም የሚከብደው ችሎታ ግን መመለስን ማወቅ ነው። ከሜዳው በስተምዕራብ የንጎንግ ኮረብቶች አሉ። ደመና ሲሸፍናቸው በዓይኗ እያየች ብቻ ለመብረር የሠለጠነች አብራሪ ማለፍ አይገባትም። ደመና ውስጥ የገባ ሰው አድማስ ይጠፋዋል፤ የገዛ ጆሮው ውስጥ ያለው የሚዛን ስሜት ያታልለዋል። አውሮፕላኑ እያዘመመ ቀጥ ያለ ይመስለዋል። በዚህ ሁኔታ ብዙ ሕይወት ጠፍቷል። ቀጠሮ ቢኖርባትም፣ ወዳጆቿ አብረዋት ተሳፍረው ቢጓጉም፣ «ዛሬ አይሆንም» ብላ የምትመለሰዋ አብራሪ ናት በርራ የበሰለች የምትባለው።

ፈቃድ መያዝም የትምህርት ፍጻሜ አይደለም። በብዙ አገሮች ሰው አሳፍራ ለመብረር ባለፉት 90 ቀናት ሦስት ጊዜ ተነሥታ ሦስት ጊዜ ማረፍ ይኖርባታል። እጅ ሥራ ሲፈታ ይረሳልና።

በአገራችንም ካፒቴን አምሳለ ጓሉ የሥነ ሕንፃ ትምህርቷን ጨርሳ ወደ በረራ በመግባት በ2003 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆናለች። እንግዲህ እናቶች፣ ልጃችሁ «አብራሪ እሆናለሁ» ብትላችሁ አትሣቁባት። ሒሳቧን አጠንክሩላት፤ የጀመረችውን ደጋግማ እንድትፈትሽ አስለምዷት፤ ስጋቷን ስትናገርም «ፈሪ» አትበሏት። አብራሪ የሚያደርጋት ይኸው ነው።