ስታር ትሬክን ማን አተረፈው?

ደጋፊ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ስታዲየም ውስጥ የሚጮህ ወንድ ነው። የጠፈር ፊልም አድናቂ ሲባል ደግሞ መነጽር ያደረገ ጎረምሳ። ታሪኩን ላየው ግን ሌላ ነው።

«ስታር ትሬክ» እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካው ኤንቢሲ ጣቢያ መታየት ጀመረ። ሁለተኛ ሲዝኑ ላይ ሊቋረጥ ነው የሚል ወሬ ሲነሳ፣ ቢጆ ትሪምብል የምትባል ሴት ከባሏ ከጆን ጋር ሆና የደብዳቤ ዘመቻ ከፈተች። ዘዴው ቀላል ነበር፦ አንዱ አሥር ሰው ያስጽፋል፣ አሥሩም እያንዳንዳቸው ሌላ አሥር። ደብዳቤው እንደ ጎርፍ ሲመጣ ጣቢያው በመጋቢት 1968 «ፕሮግራሙ ይቀጥላል፣ እባካችሁ መጻፉን አቁሙ» የሚል ማስታወቂያ በቴሌቪዥን አስነገረ። ሦስተኛው ሲዝን ተጨምሮ 79 ክፍል ሞላ። ክፍሉ በዝቶ በየከተማው ጣቢያ ደጋግሞ መታየት ስለቻለ ነው ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው።

ሌላም አለ። የመጀመሪያውን የስታር ትሬክ አድናቂዎች መጽሔት «ስፖካናሊያ»ን በ1967 ያዘጋጁት ዴቭራ ላንግሳምና ሸርና ኮመርፎርድ ናቸው። ላንግሳም ከጆአን ዊንስተንና ከሌሎች ጋር ሆና በጥር 1972 ኒው ዮርክ ላይ ጉባኤ አሰናዳች። ጥቂት መቶ ሰው ሲጠብቁ ከ3,000 በላይ መጣ!

እነዚህ ሴቶች ጻፉ፣ አባዙ፣ በፖስታ ላኩ፣ አዳራሽ ተከራዩ። ይህ ሁሉ ሥራ እያለ «እውነተኛ አድናቂ ነሽ ወይ? እስቲ የመርከቧን ቁጥር ንገሪኝ» ተብላ የምትፈተነው ሴቷ መሆኗ ያሳፍራል።

እውነቱን ለመናገር ሴቶቹም እርስ በርሳቸው አልተማመሩም። በ1973 ፓውላ ስሚዝ የጀማሪ ጸሐፊዎችን ድርሰት ለማሾፍ «ማሪ ሱ» የምትባል፣ ገና 15 ዓመት ተኩል የሆናት፣ ሁሉን የምትችል መኮንን ፈጠረች። ቀልዱ ግን ከእጃቸው ወጣ። ዛሬ ጎበዝ ሴት ገጸ ባሕርይ በታየች ቁጥር ስሙ ይለጠፍባታል። ሁሉን የሚችል ወንድ ሲመጣ ግን ጀግና ነው፣ አለቀ።

በ2019 ደብሊን ላይ፣ በአብዛኛው ሴቶች የገነቡት የአድናቂዎች ድርሰት ማኅደር «አርካይቭ ኦቭ አወር ኦውን» የሁጎ ሽልማት አገኘ። ሽልማቱን የተቀበለችው ደራሲ ናኦሚ ኖቪክ የአዳራሹ መብራት እንዲበራ ጠየቀች፤ ከዚያ ሥራው የእኔም ነው የሚል ሁሉ ከመቀመጫው እንዲነሳ። ብዙዎች ተነሱ።